የእናትሽ ድምፅ አልደከመም

ሐሙስ፣ ጥር 14 ቀን
ከምሳ በኋላ

የኔ ልጅ፣

አንቺም ትንሿም ደህና ናችሁ ብዬ አምናለሁ። ይህን ደብዳቤ ስጀምር አራተኛ ጊዜዬ ነው። የመጀመሪያው ስለ አየሩ ነበር፣ ሁለተኛው ስለ ወገቤ፣ ሦስተኛው ጎረቤታችን ስላቆመው አዲስ አጥር። ሦስቱንም ቀደድኳቸው። ሰው የሚያሳፍረውን ነገር ላለመጻፍ ስንት ወሬ ይፈጥራል መሰለሽ!

እንግዲህ ዋናውን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። እናትሽ አልተቀየመችሽም። አንድም ቀን ተቀይማሽ አታውቅም።

ባለፈው ወር በስልኬ የላክሽልኝን መልእክት በቃሌ ይዤዋለሁ። «አባዬ፣ እናቴን ምን አድርጌያት ነው? ስደውል አታነሳም፤ በጽሑፍ ብቻ ነው የምትመልስልኝ። ለልጅቷ አንድ እሹሩሩ ቀድተሽ ላኪልኝ ብላት ‹ሌላ ጊዜ› አለችኝ። ባሌን ስላልወደደችው ነው? እዚህ ርቄ በመውለዴ ነው?» ብለሽ ነበር። እኔም «ኧረ ሥራ በዝቶባት ነው» ብዬ መለስኩልሽ። ዋሸሁሽ። ምክንያቱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱ ራሱ እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ነው። አትሳቂ።

እናትሽ ለዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እያነበበች እንደምትቀዳ ታውቂያለሽ። ማስተማሩን ከተወች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳት ሥራ ይኸው ነበር። ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ ሲላት ግን የቤተ መጻሕፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ራቃት። ያኔ ደረቴን ነፍቼ «እዚሁ ቤት እሠራልሻለሁ» አልኳት። ያንቺን የድሮ ክፍል ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፈንኩት፣ በሩን በስፖንጅ ለበጥኩት፣ ኮምፒውተሩን ደግሞ በገዛ እጄ ገጣጠምኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲጠግን የኖረ እጅ ነውና አላሳፈረኝም።

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው። ከኮምፒውተሩ አንጎል ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣችው ማቀዝቀዣ ትንሽ ነበረች፤ ማራገቢያ ፋኗም የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ብታክል ነው። ትንሽ ፋን ሙቀቱን ለማባረር መሮጥ አለባት፤ ስትሮጥ ደግሞ ትጮኻለች። እናትሽ አንድ ምዕራፍ ጨርሳ ፋይሉን ስታስቀምጥ ፋኗ «ውይይይ» ብላ ትነሳለች፣ ጸጥ ትላለች፣ መልሳ ትነሳለች። እናትሽ እጇን አጣጥፋ ማሽኗ እስክትበርድ ትጠብቃለች።

«አንድ ዝም የሚል ነገር አታገኝላትም?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ለዚህ ነው እንዴ? ዛሬውኑ!» አልኳት።

ጡረታ ከወጣሁ ገና ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ጠዋት ተነስቼ ክራባት አስሬ የት እንደምሄድ የሚጠፋኝ ሰሞን ነው። ሥራ ተገኘ ብዬ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ዋልኩ። በመጨረሻ የውኃ ማቀዝቀዣ የሚሉትን መረጥኩ። ከፕሮሰሰሩ ራስ ላይ የተቀመጠ ፓምፕ ውኃውን በቱቦ ያዞረዋል፤ ውኃው ሙቀቱን ተሸክሞ ሄዶ ከኮምፒውተሩ ሳጥን ከኬዙ ጣሪያ ሥር ያራግፈዋል። ሰማያዊ መብራትም አለው። ሻጩ አብርቶ አሳየኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ጭጭ። «መኖሩም አይታወቅም!» ብዬ እንደ ሙሽራ ታቅፌው መጣሁ።

እናትሽ በመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ያህል አንብባ ብቅ አለች።

«ክፍሉ ውስጥ ትንኝ ገብቷል እንዴ?»

«የምን ትንኝ?»

«እንጃ፣ ሲር የሚል ነገር አለ።»

ገብቼ አዳመጥኩ። ምንም የለም። «ጆሮሽ ነው» አልኳት፤ «ለሐኪም አሳዪው።» እንዲህ ነው ያልኳት፣ ልጄ። ጆሮሽ ነው አልኳት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ባዶ ፍላሽ ልቀበል ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። የቅጂ ክፍሉ ኃላፊ ቀደም ሲል የወሰድኩላትን አዳምጣው ስለነበር ለእናትሽ የታሸገ ማስታወሻ ሰጠችኝ። የሰው ደብዳቤ መክፈት ነውር መሆኑን አንቺን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ከፈትኩት። «የአንባቢያችን ድምፅ እንደ ወትሮው ያምራል። ነገር ግን ከኋላ ቀጭን ሲርታ ስለሚሰማ የመጨረሻዎቹን አራት ምዕራፎች ለአድማጭ መስጠት አልቻልንም። ማሽኑ ተፈትሾ ቢደገሙልን» ይላል።

ቤት ስደርስ እናትሽ ወጥታ ነበር። ማሽኑን አበራሁት፣ የኬዙን ጎን ፈታሁ፣ ጆሮዬን ፓምፑ ላይ ለጠፍኩት። ንዝረቱ ጉንጬ ላይ ይታወቀኛል፤ ድምፅ ግን የለም። ሌላኛውን ጆሮዬን ለጠፍኩ። የለም። ያኔ ገባኝ። እናትሽ ትሰማለች፣ ቤተ መጻሕፍቱ ይሰማል። የማይሰማው እኔ ነኝ። ዝም የሚል ዕቃ የመረጥኩት በማይሰማ ጆሮ ነው።

አዲስ ነገርም አልሆነብኝ። ጡረታ የወጣሁት በገዛ ፈቃዴ ነው ብያችሁ ነበር፤ እሱም ውሸት ነው። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ትልልቅ ኮምፒውተሮች በሚቀመጡበት ሰርቨር ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ የሙቀቱ ማንቂያ ደወል ጮኸ። የጽዳት ሠራተኛዋ ከኮሪደሩ ማዶ ሰምታ እየሮጠች መጣች። እኔ ከደወሉ ሥር ነበርኩ። አለቃዬ ደግ ሰው ነው፤ «ብዙ ደከሙ፣ ይረፉ» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በማሽን ጩኸት መሀል የኖረ ጆሮ መድከሙ ነውር እንዳልሆነ አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን ጆሮዬን ካጣሁ ሙያዬንም ያጣሁ፣ ሰውነቴም የቀለለ መሰለኝ። በስልክ ስንነጋገር «መስመሩ አይሰማም» እያልኩ ለእናትሽ የማቀብላት ለዚህ ነበር።

እናትሽ ተመልሳ ገና ነጠላ ጫማዋን እያወለቀች «ምን አሉ?» አለችኝ።

ማሽኑ ይጮኻል ልል አፌን ከፈትኩ። «እኔስ ምን አልኩህ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ቀጥላ «ቆይ፣ አንተ አትሰማም እንዴ?» እንደምትለኝም አውቃለሁ።

«ድምፅሽ ትንሽ ደክሟል ይላሉ» አልኳት።

እንዴት ከአፌ እንዳመለጠኝ አላውቅም ብልሽ ሌላ ውሸት ይሆናል። አላመለጠኝም፤ መርጬ ነው የተናገርኩት።

እናትሽ አልተከራከረችም። ብትከራከር ኖሮ እዚያው እናዘዝ ነበር መሰለኝ። እጇን ወደ ጉሮሮዋ አነሳችና «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘጠኝ ወር ነው። መጀመሪያ ማር በሙቅ ውኃ ትጠጣ ጀመር፤ በሙቀት እንኳ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠመጠመች። ከዚያ ማንበቡን ተወችው። ከዚያ ለሰው መደወል ተወች። አንቺ ስትደውዪ ስልኩን አፍጥጣ ታየዋለች እንጂ አታነሳውም። «ልጄ ድምፄን ሰምታ እናቴ አረጀች ብላ በሰው አገር እንዳትሸበር» አለችኝ። እኔ ደግሞ በዚያ በኩል ቤተ መጻሕፍቱን «ማሽኑ እየተሠራ ነው፣ ትንሽ ታገሡን» እያልኩ አቆያቸው ነበር። ሁለቱ እንዳይገናኙ መሀል ቆሜ በር እዘጋ ነበር ማለት ነው።

እሹሩሩውን ስትጠይቂያት እሞክራለሁ ብላ ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በስልኳ ቀዳችው፣ አዳመጠችው፣ አጠፋችው። እንደገና ቀዳችው፣ አጠፋችው። ሦስት ጊዜ። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ሁለት እርምጃ ገብቶ እውነቱን መናገር ነበር የቀረኝ። ዞሬ ወደ ጓሮ ሄድኩና የማያንጠባጥብ ቧንቧ ማጥበቅ ጀመርኩ። ምን ያዘህ ብትዪኝ ኩራት ነው፤ የተሻለ ስም ፈልጌ አጥቼለታለሁ።

ያንቺ መልእክት በመጣ በሳምንቱ እናትሽ ቤተ መጻሕፍቱ ያዋሳትን ማይክራፎን በፎጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ። «መልስላቸው። የሚሠራበት ሰው ይውሰደው» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ይዤው ሄድኩ። የቅጂ ክፍሉ ኃላፊ ስታየኝ ፊቷ በራ። «ማሽኑ ተሠራ?» አለችኝ። መልስ ሳላዘጋጅ ጥግ ላይ ማዳመጫ አድርገው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ማዳመጫውን አወለቁ። ዓይናቸው አያይም። ድሮ የስልክ ኦፕሬተር እንደነበሩ ኋላ ተነገረኝ።

«የእሷ ባለቤት ነዎት?» አሉኝ።

«አዎ።»

«የመጽሐፉን ሴትዮ ባቡር ላይ አሳፍራ ትታን ጠፋች እኮ! ትውረድ አትውረድ ሳናውቅ ዘጠኝ ወራችን። ሌላ አንባቢ ይቀጥልላችሁ ተብለን ነበር፤ እንጠብቃታለን አልን። ታማ ነው?»

«አይ፣ ደህና ናት።»

«ታዲያ አለ በተባለው ሲርታም ቢሆን ትቀጥልልን። ስንት ዓመት የስልክ ገመድ ያዳመጠ ጆሮ ሲርታ አይገርመውም። የእሷን ድምፅ ለይተን እንሰማለን።»

ማይክራፎኑን ከነፎጣው እንደታቀፍኩ ወጣሁ። ውጭ አንድ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጬ ለረጅም ጊዜ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። የሚያልፍ ሰው ፀሐይ በዝቶበት ነው ብሎ እንዲያስብ ኮፍያዬን ወደ ፊት ሳብኩት። እዚያም ላይ ሰው እንዳያየኝ ነበር ሐሳቤ።

በማግስቱ ጠዋት እናትሽ ለጉልበቷ ሕክምና ስትሄድ ጠብቄ ኮምፒውተሩን ነቅዬ በታክሲ ጭኜ ወጣሁ። ወደ መጀመሪያው ሱቅ አልተመለስኩም። አንዲት በሠላሳዎቹ ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሴት ጠባብ ሱቅ አላት፤ ሠፈሩ «ዶክተሯ» ይላታል። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። አበራችውና ወዲያው ፊቷን አጨማደደች።

«ኧረ አባባ፣ ይኼ ይጮኻል!»

«የቱ ጋ?»

«ፓምፑ ነዋ። አይሰማዎትም?»

ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ቢኖር ምን እል እንደነበር እንጃ። «አይሰማኝም፣ ልጄ» አልኳት። «ጆሮዬ ደክሟል።» ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኩት ለማላውቃት ሴት ነው።

አልሳቀችም፤ አላዘነችልኝምም። ስልኳን አውጥታ ድምፅ በመስመር የሚያሳይ ነገር ከፈተችና ፓምፑ አጠገብ ያዘችው። መስመሩ ዝቅ ብሎ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «እሱ ነው» አለችኝ። በጆሮዬ ያጣሁትን በዓይኔ አየሁት።

«ኮምፒውተሩ ምን ይሠራል?»

«ባለቤቴ መጽሐፍ እያነበበች ትቀዳበታለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ታዲያ ውኃ ምን አመጣው? ይኼ ፕሮሰሰር ያን ያህል የሚግል አይደለም። ፓምፕ ደግሞ ሥራ ኖረም አልኖረ ሁሌ ይዞራል።» ከመደርደሪያ አንድ ሌላ አወረደች፤ ቀጫጭን ብረቶች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደርድረው፣ በመሀላቸው የመዳብ ቱቦዎች አልፈው፣ ጎኑ ላይ ሰፊ ፋን የታሰረበት። «ሙቀቱን መዳቡ ወደ ላይ ያወጣዋል፣ ብረቶቹ ይበትኑታል። ፋኑ ሰፊ ስለሆነ ቀስ ብሎ ዞሮ ብዙ አየር ይገፋል። ቀስ ብሎ የሚዞር አይጮኽም። መብራቱን አይዩ፣ አባባ፤ የፋኑን ስፋት፣ ፍጥነቱን፣ ቁመቱን ይዩ።»

ይህን ሁሉ አውቀው ነበር እኮ! ሰው የሚያውቀውን ነገር ኩራት እንዴት እንደሚያስረሳው። እንዲያውም አሁንም አልተማርኩም፤ ከመደርደሪያው ጫፍ ባለ ሁለት ፋን የሆነ ግዙፉን አየሁና «ያንን ስጪኝ» አልኳት።

«ኬዙ ይበቃዋል?»

«የኔ ልጅ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት…»

ማስመሪያዋን አነሳችና ከፕሮሰሰሩ እስከ ኬዙ ክዳን ለካች። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ለካች። በአውራ ጣት ስፋት ይበልጣል፤ ክዳኑ አይዘጋም። ሠላሳ አንድ ዓመት ብዬ የጀመርኩትን ሳልጨርሰው ቀረሁ።

ባለ አንዱን ፋን ወሰድን። «እርስዎ ይግጠሙት» ብላ መፍቻውን ሰጠችኝ፤ እግዜር ይስጣት። ሙቀት የሚያስተላልፈውን አሮጌ ቅባት በአልኮል ጠረግኩ፣ አተር የምታህል አዲስ ቅባት ፕሮሰሰሩ መሀል ላይ ጠብ አደረግኩ፣ ብሎኖቹን አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ጥግ ጥቂት ጥቂት እያልኩ አጠበቅኩ። እሷ ደግሞ የፋኑን ፍጥነት አስተካከለችው። «ሙቀቱ ብቅ ባለ ቁጥር እንዳይደነግጥ ነው። ጆሮ የሚያደክመው ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ነው» አለችኝ። ስልኳን መልሳ አስጠጋች። መርፌው የለም። ባታሳየኝ በምን አውቅ ነበር?

እናትሽ ከሕክምናዋ ስትመለስ ሁሉንም ቦታ ቦታው አድርጌ፣ ማይክራፎኑንም ሰቅዬ ጠበቅኳት።

«አልመለስከውም?» አለች።

«ግቢና አዳምጪ።»

በሩ ላይ ቆመች። ክፍሉን አዳመጠችው። ፋኑ እየዞረ ነበር።

«ትንኙ የለም» አለች።

ቁጭ በይ አልኳት፤ ቆማ ነው የሰማችኝ። ከጆሮዬ ጀመርኩና ወደ ኋላም ወደ ፊትም እየሄድኩ ነገርኳት። የቤተ መጻሕፍቱን ማስታወሻ ከደበቅኩበት ከፕሮሰሰሩ ካርቶን አውጥቼ ሰጠኋት። እናትሽ ወረቀት ሲሰጧት ድምፅ አውጥታ ማንበብ ልማዷ ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ልጄ ድምፄን ለመነችኝ» አለች። ቀጥላ፣ እኔን ሳታየኝ፣ «ለመነችኝ እኮ።»

ማስታወሻውን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጆሮዬ አልሰማ አለኝ ብትለኝ ምን ላደርግህ ነበር? ጮክ ብዬ አወራህ ነበር። ሌላ ምን አለው?»

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። መጽሐፉን ከመሳቢያ አወጣች። ከዚያ «ይውጡና በሩን ይዝጉልኝ፤ ልሠራ ነው» አለችኝ።

ይውጡ። አርባ ዓመት ሊሞላን ነው፤ ተጣልተንም ታርቀንም አንቱ ብላኝ አታውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ ነኝ። «ምሳ ቀርቧል፣ ይምጡ።» «መድኃኒትዎን ወስደዋል?» ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በአክብሮት ሲርቁሽ የምትይዢው ነገር የለም።

አራቱን ምዕራፎች በስድስት ቀን ደግማ ቀዳች። ፍላሹን ለእኔ አልሰጠችኝም፤ ሦስቱን ፎቅ ራሷ እያረፈች ወጥታ አስረከበች። እኔን ደግሞ እጄን ይዛ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። የመስታወት ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ድምፅ ስትሰሚ ይህን ተጫኚ ይሉሻል። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳልጫን ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ውጤቱን ሊያስረዳኝ ሲጀምር «ለእሳቸው ትንሽ ጮክ ይበሉላቸው» አለችው። የጆሮ መሣሪያ ታዟል፤ በሚቀጥለው ወር ይደርሳል።

ይህን ደብዳቤም ያዘዘችኝ እሷ ናት። በስልክ ልንገራት ብላት «በስልክማ መስመሩ አይሰማም ብለው ያመልጣሉ። በእጅዎ ይጻፉት። ራስዎንም አያሳምሩ» አለችኝ። አላነበበችውም፤ አላነበውም ብላለች። አሳምሬ እንደሆን አንቺ ፍረጂ።

ከደብዳቤው ጋር አንዲት ፍላሽ አለች። እሹሩሩው ነው፤ ትናንት ጠዋት ቀዳችው። አንድ ጊዜ ብቻ እንደቀዳችው አውቃለሁ፤ ቶሎ ነው የወጣችው። እኔ አልሰማሁትም። በሩ ዝግ ነበር። ክፍት ቢሆንም እንጃ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው አለኝ፤ ስ፣ ጽ፣ ፍ የሚሉት ፊደሎች። እናትሽ ስታወራ ለካ እነሱን ከከንፈሯ እያነበብኩ ስሞላቸው ኖሬያለሁ። ደክሟል ያልኩትን ድምፅ በትክክል ከሰማሁት ስንት ዓመቴ እንደሆነ አላውቅም።

ስለዚህ ልጅቷን አስተኝተሽ ስታዳምጪው እንዴት እንደሆነ ለእኔ ጻፊልኝ። በቃል በቃሉ ጻፊልኝ። ለእሷ ደግሞ ደውዪላት፤ ታነሳለች። ስለ እኔ ግን አትለምኛት።

ለአንቺ ጥሩ እንቅልፍ፣ ለትንሿ የማይደክም ጆሮ ይስጥልኝ። ባልሽንም ሰላም በይልኝ፤ ማንም ጠልቶት አያውቅም።

አባትሽ